«መቼ እመለሳለሁ?»፦ የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምናና የአንድ ጥያቄ ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ የአንድ አጭር ጥያቄ ታሪክ ነው። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካለት ስፖርተኛ ሐኪሙን «መቼ እመለሳለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በየዘመኑ እጅግ የተለያየ መልስ ተሰጥቶታል፦ «ፈጽሞ»፣ «ከዓመት በኋላ»፣ «ከአራት ወር በኋላ»፣ «ፈተናውን ስታልፍ»። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የጻፉት ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ማን ቀድሞ ሰፋ፣ ማን የትኛውን ጅማት ከየት ወስዶ ተከለ እያሉ። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ ያሉት ወራት፣ ሰውየው እግሩን እንደገና ማዘዝ የሚማርባቸው ወራት፣ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋሉ። እኔ እነዚያን ወራት ወደ ገጹ መካከል ላመጣቸው እፈልጋለሁ፤ የተጫዋች ዕጣ በብዛት የሚወሰነው በእነርሱ ውስጥ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። አማርኛ መጋጠሚያውንም ኃይልንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል፤ ጉልበቱ የከዳው ሰው ኃይሉም እንደሚከዳው ቋንቋችን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በአንጻሩ «ጅማት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያደባልቅብናል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት እንላለን። ይህ መደባለቅ ለታሪካችን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ያደረጉት በመሠረቱ የመጀመሪያውን ዓይነት ጅማት ወስደው የሁለተኛውን ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ ነው። በጉልበት መጋጠሚያ መካከል የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር የሚያስሩ፣ እንደ መስቀል የተላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው፣ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ኤሲኤል» የሚሉት፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከጭን በታች ያለ ልክ እንዳይዞር ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰውም ማንም ሳይነካው ነው፤ ተጫዋቹ ከሩጫ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ወይም ከዝላይ ሲያርፍ።

የእነዚህ ጅማቶች መኖር ከጥንት ይታወቅ ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን የግላዲያተሮች ሐኪም የነበረው ጋሌን ጅማቶች መጋጠሚያን አጽንተው እንደሚይዙ ጽፏል። በ1836 ቪልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር የተባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች መስቀለኞቹ ሲቆረጡ ቅልጥም ከልክ በላይ እንደሚንሸራተት አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን የሊዮኑ ቀዶ ሐኪም አሜዴ ቦኔ ነው። በ1845 ባሳተመው የመጋጠሚያ በሽታዎች መጽሐፍ የጅማቱን መበጠስ ምልክቶች አስቀመጠ፦ ሲበጠስ የሚሰማ ድምፅ፣ በደም የሚያብጥ መጋጠሚያ፣ ከሥራ የሚወጣ እግር። ዛሬም ሐኪም ተጎጂውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቦኔ ሌላም ነገር አስተውሏል። መጋጠሚያን ለረጅም ጊዜ አስሮ ማኖር በራሱ ጉዳት እንደሚያመጣ ተረድቶ፣ የታመሙ መጋጠሚያዎችን የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች ነደፈ። ይህ ሐሳብ ለጉልበት ጅማት ሕክምና ተመልሶ እስኪመጣ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የመጀመሪያው ስፌት የተደረገለት ሰው ስፖርተኛ አልነበረም። በ1895 በእንግሊዟ ሊድስ ሜዮ ሮብሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ የ41 ዓመት የማዕድን ቆፋሪ ጉልበት ከፍቶ ሁለቱንም መስቀለኛ ጅማቶች መልሶ ሰፋ። ውጤቱን በ1903 ሲያሳትም፣ ሰውየው ከ6 ዓመት በኋላ እግሩ ጠንካራ እንደ ሆነና ሳያነክስ እንደሚሄድ መዘገበ። ልብ እንበል፤ የዚያን ዘመን ጥያቄ ወደ ሜዳ የመመለስ ሳይሆን ወደ እንጀራ የመመለስ ጥያቄ ነበር፤ መለኪያውም «ያነክሳል ወይስ አያነክስም?» የሚል ብቻ ነበር። ቀጥ ብሎ መሄድ ከሚጠይቀው ይልቅ በሙሉ ሩጫ ላይ ሳሉ መታጠፍ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚከብድ በዚያ መለኪያ ሊታይ አይችልም። በ1917 የብሪስቶሉ ኧርነስት ሄይ ግሮቭስ የተበጠሰውን መስፋት ትቶ ከጭን ጎን በተወሰደ ጠንካራ ልባስ አዲስ ጅማት ተከለ። ተበጥሶ የተጎዳን ጅማት በሌላ የመተካት ሥራ መነሻው ይህ ነው። ቀጣዮቹን አሥርት ዓመታት ልለፋቸው፤ ዘዴው በዛ እንጂ «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ የተጨመረ ነገር ጥቂት ነው።

ስፖርተኛው ራሱን የቻለ ሕመምተኛ ሆኖ መታየት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ሐኪም የነበረው ዶን ኦዶናሁ በጉልበት ጅማቶች ላይ የደረሰ ትኩስ ጉዳት ሳይውል ሳያድር በቀዶ ሕክምና መታከም እንዳለበት የሚከራከር ጽሑፍ አወጣ። ሐኪሙ ከጫፍ መስመር ሆኖ ጨዋታውን ይመለከት ስለ ነበር ጉዳቱን በትኩስነቱ ያየው ነበር። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግሩ ለሳምንታት በጀሶ ይታሰራል። የተሰፋውን ለመጠበቅ የታሰበው ጀሶ የጭንን ጡንቻ ያከሳል፣ መጋጠሚያውን ያደርቃል።

የዚህን ዘመን ዋጋ ለማየት አንድ ሰው ልጥቀስ። የእንግሊዝን እግር ኳስ የምትከታተሉ ብራያን ክላፍን የምታውቁት ኖቲንግሃም ፎረስትን ይዞ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ባነሣ አሠልጣኝነቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን በሊግ 274 ጨዋታዎች 251 ግብ ያስቆጠረ አጥቂ ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን 1962 ሰንደርላንድ በሮከር ፓርክ ከበሪ ጋር ሲጫወት ክላፍ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጋጭቶ የጉልበቱ መስቀለኛ ጅማትና የውስጥ ጎኑ ጅማት ተበጠሱ። ዕድሜው 27 ነበር። በ1964 ተመልሶ ሦስት የሊግ ጨዋታዎች አደረገ፤ አንድ ግብም አስቆጠረ። ከዚያ በ29 ዓመቱ አበቃ። የታሪክ ተማሪ ሆኜ ሳየው እነዚያ ሦስት ጨዋታዎች ከ251 ግቦች ያላነሰ ይነግሩኛል። አንድ ሰው ወደ ሜዳ መግባቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ሙያው በቃላት ለይቶ እስኪያስቀምጠው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

በ1963 ኬኔት ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት መካከለኛውን ክፍል ወስዶ ኤሲኤልን ለመተካት ተጠቀመ። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ ከሁለቱም ጫፍ ቁራጭ አጥንት የያዘ ተተኪ ጅማት ተገኘ። ሌሎች የቋንጃን ጅማት መረጡ። በ1980 ዴቪድ ዳንዲ በእንግሊዝ መጋጠሚያውን ሳይከፍት በቀጭን መመልከቻ እየታገዘ ጅማት ተካ። በዚያው አሥርት ዓመት ተተኪው በብሎን ከአጥንት ጋር መጠበቅ ጀመረ። ይህች ብሎን በታሪክ ትንሽ ቦታ የሚሰጣት ብትሆንም ያለ እርስዋ የኋላው ሁሉ አይሆንም ነበር፤ ተተኪው በጽኑ ካልተያዘ ማንም እግሩን አንቀሳቅስ ብሎ ሊያዝ አይደፍርምና።

በዚሁ ጊዜ ከካርቦን፣ ከዳክሮንና ከጎርቴክስ የተሠሩ ሰው ሠራሽ ጅማቶች በብዛት ተሞከሩ። የማረኩትም ፍጥነት ስለ ሰጡ ነው፤ ሕያው አካል እስኪያድግ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዛሬ ተተክሎ በቅርቡ ይሮጣል። ሰው ሠራሹ ጅማት ግን ራሱን አይጠግንም። ክሮቹ እየተላላጡ ተበጠሱ፤ ፍርፋሪያቸውም መጋጠሚያውን አስቆጣ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተተዉ።

ሕያው ተተኪስ? እዚህ ላይ የጉዳዩ አደገኛ ክፍል አለ፤ ተማሪዎች በጥሞና እንድታዳምጡ እጠይቃለሁ። ከቦታው ተቆርጦ የተወሰደ ጅማት የደም ሥሩ ተቋርጧል። ከተተከለ በኋላ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ አዲስ የደም ሥር ይገባበታል፣ አዲስ ሴሎች ይሰፍሩበታል፣ ቃጫዎቹም ቀስ በቀስ ይታደሳሉ። በ1980ዎቹ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ አሳዩ። ተተኪው በተተከለበት ቀን ካለው ጥንካሬ ይልቅ በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ይደክማል፤ በኋላ ነው የሚያገግመው። ተጫዋቹ ግን በተቃራኒው መንገድ ይጓዛል። ሕመሙ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ በአራተኛው ወር ቀጥ ብሎ ይሮጣል። በውስጥ ያለው ጅማት ገና እየተለወጠ ሳለ እርሱ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራል። የተጫዋቹ ስሜትና የጅማቱ ሁኔታ እኩል አይሄዱም፤ ሐኪሙ «ትንሽ ታገሥ» ሲለው የማይዋጥለትም ለዚህ ነው።

የ1980ዎቹ ሐኪሞች ይህን ስላወቁ እጅግ ተጠነቀቁ። እግር ለሳምንታት ይታሰር፣ ክራንች አይጣል፣ ሙሉ በሙሉ አይዘርጋ፣ ስፖርት እስከ ዓመት ይቆይ አሉ። ብዙ ጉልበቶች ከመላላት ድነው በመድረቅ ተጎዱ። ለውጡ የመጣው ከኢንዲያናፖሊስ ነው። ዶናልድ ሼልበርን የተባለው ቀዶ ሐኪም ሕመምተኞቹን ሲከታተል አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ፦ ትእዛዙን የማይፈጽሙት፣ ክራንቻቸውን ቶሎ የጣሉትና እግራቸውን አስቀድመው የዘረጉት ሕመምተኞች ከታዛዦቹ የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ ጉልበታቸውም አልላላም። ከፖል ኒትዝ ጋር በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ የተፋጠነ ማገገሚያ የሚባለውን አቀረበ፤ ጉልበቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ ወዲያው መርገጥ፣ ጡንቻን ቶሎ ማሠራት። በሕክምና ታሪክ ውስጥ የእምቢተኛ ሕመምተኞች ድርሻ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ብዙ አላውቅም።

ሆኖም በዚህ ጽሑፍ አቀባበል ላይ የራሴን ፍርድ ልሰንዝር። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተሸፍነው ተጓዙ። ቶሎ ማንቀሳቀስ አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ወደ ውድድር መመለስ ሌላ። የመጀመሪያው ጸንቶ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ሆኗል። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያው ክብር ተከልሎ ገባ። ክለቦች፣ አሠልጣኞች፣ ጋዜጦችና ተጫዋቾች ከጽሑፉ የሰሙት ወር ቆጠራውን ነበር። «አራት ወር»፣ ለዘብ ሲል «ስድስት ወር»፣ ለሁሉም የሚሠራ ቀጠሮ ሆነ።

በዚህ ዘመን የሁለት ተጫዋቾች ታሪክ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያስተምራል። ሜይ 18 ቀን 1991 በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የቶተንሃሙ ፖል ጋስኮይን በራሱ ጥፋት የቀኝ ጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። በተቃራኒው ወገን የተቀመጠው የፎረስት አሠልጣኝ ያው ብራያን ክላፍ ነበር። ጋስኮይን ለላዚዮ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገው ከ16 ወር ገደማ በኋላ ነው፤ በመካከሉ የጉልበቱ ሎሚ ደግሞ ተሰብሮ ነበር። በዲሴምበር 1992፣ ክላፍ ከተጎዳ ከ30 ዓመት በኋላ፣ የብላክበርኑ አለን ሺረር ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ተመልሶ በሊጉ 31 ግብ አስቆጠረ፤ በ1995 ደግሞ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ጋዜጦች ሁለተኛውን እንደ ደንብ ቆጠሩት። የሺረር ስም በተነሣ ቁጥር ግን ያልተመለሱት ሰዎች ስም አይነሣም ነበር፤ የማናውቃቸው ስላልተመለሱ ነውና።

እነርሱን ወደ መዝገብ ያስገባቸው ስታቲስቲክስ ነው። በ2011 ክሌር አርደርንና ባልደረቦችዋ 48 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 5,770 ሰዎችን፣ አንድ ላይ አጠኑ። 82 በመቶው ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ተመልሰዋል። ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት 63 በመቶ፣ ወደ ውድድር የተመለሱት ደግሞ 44 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የሚያስደንቀው የብዙዎቹ ጉልበት በሐኪም ምርመራ ደኅና መባሉ ነው። ጅማቱ ጸንቷል፤ ሰውየው ግን አልተመለሰም። ከምክንያቶቹ አንዱ ደጋግሞ የሚነሣው ዳግም የመጎዳት ፍርሃት ነው። ቀደም ብሎ በ2008 በሜልበርን ኬት ዌብስተርና ባልደረቦችዋ ስሜትን፣ በራስ መተማመንንና የአደጋ ግምትን የሚለካ ባለ 12 ጥያቄ መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። የእግር ኳስ ባህላችን ፍርሃትን የደካማ ነገር አድርጎ ስለሚያይ ይህ መጠይቅ በአንዳንድ አሠልጣኞች ዘንድ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የፈራ ተጫዋች ስለ ጉልበቱ የሚነግረን ቁምነገር ሊኖር ይችላል እላለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ሰነድ የ2016ቱ የደላዌርና የኦስሎ የጋራ ጥናት ነው። 106 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ በአንድ ወር በተራዘመ ቁጥር የዳግም ጉዳት መጠን በ51 በመቶ ቀነሰ። መዝለልና መታጠፍ ወደሚበዛባቸው ስፖርቶች ከተመለሱት መካከል የኃይልና የዝላይ ፈተናዎቹን ሳያልፉ የገቡት 38.2 በመቶ ዳግም ተጎዱ፤ አልፈው ከገቡት ግን 5.6 በመቶ ብቻ። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ በየስላይዱ ላይ ስለሚታዩ ምንጩን እንደ ታሪክ ሰው መመርመር ይገባል። 5.6 በመቶ ማለት ከ18 ሰዎች አንድ ሰው ነው፤ 38.2 በመቶውም ከ55 ሰዎች 21 ነው። «ዳግም ጉዳት» የተባለውም የተተከለው ጅማት መበጠስ ብቻ ሳይሆን በጉልበት ላይ የደረሰ ማናቸውም ጉዳት ነው። ይህን ሁሉ ቀንሼም ቢሆን አቅጣጫውን አምነዋለሁ። በዚያው ዓመት በኳታሩ አስፔታር በ158 ወንድ ባለሙያ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት መስፈርቱን ሳያሟሉ የወጡት ተተኪ ጅማታቸው የመበጠስ ዕድሉ አራት እጥፍ መሆኑን አግኝቷልና። የዕድሜም ነገር አለ። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት 23 በመቶ ያህሉ ያንኑ ወይም የሌላኛውን እግር ኤሲኤል ዳግም እንደሚበጥሱ በ2016 የወጣ የጥናቶች ጥንቅር አመልክቷል። ከአራቱ አንዱ ማለት ይቻላል፤ እጅግ የሚቸኩሉትም እነዚሁ ወጣቶች ናቸው።

እንግዲህ የታሪኩ ጉዞ እንግዳ ነው። ጊዜ ብቻውን ዳኛ አይሁን ተብሎ በፈተና ተተካ፤ ፈተናው ሲጠና ደግሞ ጊዜም ዳኛ ሆኖ ተገኘ። ፈተናውም እንከን አለው። የተለመደው ሕግ የታመመው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ይድረስ ይላል። ጤነኛው እግርም በተኙባቸው ወራት ስለሚደክም ከደካማ ጋር ተመዛዝኖ ማለፍ ይቻላል። በአንድ እግር ርቆ በመዝለልም የዳሌና የቁርጭምጭሚት ኃይል የጉልበትን ድክመት ሊሸፍን ይችላል፤ ሜትሩ እኩል ሲያሳይ ጉልበቱ ገና ሥራውን ለሌሎች አሳልፎ እየሰጠ ይሆናል።

በ2015 መጨረሻ በስዊዘርላንዷ በርን የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ በ2016 በታተመው የጋራ መግለጫቸው፣ ቀደም ሲል ክላፍን ሳነሣ የጠቆምሁትን ልዩነት በሦስት ደረጃ አስቀመጡ፦ ወደ ልምምድ መመለስ፣ ወደ ስፖርቱ መመለስ፣ ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ። የስፔኗ አሌክሲያ ፑቴያስ ታሪክ በዚህ መነጽር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በጁላይ 2022፣ በአውሮፓ ዋንጫ ዋዜማ፣ ኤሲኤልዋ ተበጠሰ። ከ10 ወር ገደማ በኋላ ለባርሴሎና ተሰለፈች። በኦገስት 2023 ስፔን የዓለም ዋንጫን ስታነሣ በቡድኑ ውስጥ ነበረች፤ ወደ ፍጻሜው ጨዋታ የገባችው ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ያውም የሁለት ጊዜ የባሎን ዶር አሸናፊ ሆና። ተመልሳ ነበርን? በየትኛው ደረጃ ብለን መጠየቅ አለብን።

ቀዶ ሕክምናው ራሱስ ለሁሉም ያስፈልጋልን? በ2010 የታተመ የስዊድን ጥናት 121 ወጣቶችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ቶሎ ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው፤ ሌሎቹ 59 በማገገሚያ እንቅስቃሴ ጀምረው ካስፈለገ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዲሄዱ አደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት 23 ነበሩ፤ በሁለቱ ክፍሎች ውጤት መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ተሳታፊዎቹ ባለሙያ ስፖርተኞች ስላልነበሩ ከዚህ በላይ አልገፋውም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሜዳ ልምጣ። እኛ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባውን ሰው ዛሬም «ወጌሻ» እንለዋለን። ቃሉ ከክሊኒክ በፊት አጥንት ሲያቀና የኖረውን ባለሙያ ያስታውሳል፤ እምነቱም ከዚያ የተወረሰ ነው፦ ወጌሻው አሽቶ አስሮ ያስነሣል። ለብዙ ጉዳት ይህ ደግ እምነት ነው፤ ለኤሲኤል ግን ሕመምና እብጠት ሲጠፉ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። የጡንቻን ኃይል የሚለካ ውድ ማሽን በሌለበት ስፍራ ምን ይደረግ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በአንድ እግር የመዝለል ፈተና ኖራና ሜትር ብቻ ይፈልጋል። እንከኑን ነግሬአችኋለሁ፤ ታላቁ እንከን፣ የደከመን እግር ከደከመ እግር ጋር ማወዳደር፣ የሚቀንስበት መንገድ ግን አለ፤ ተጫዋቹን ጤነኛ ሳለ፣ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር፣ በሁለቱም እግሩ አዘልሎ መመዝገብ ነው። ጉዳቱ ቢደርስ የሚወዳደረው ከራሱ ከቀድሞው ጋር ይሆናል። የፋኩልቲያችን ተማሪዎች ይህን መዝገብ ከዩኒቨርሲቲያችን ቡድኖች እንዲጀምሩ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርድ፣ አራት ቁጥር፣ አንድ ቀን።